አደጋ ከደረሰ በኋላ ሠራተኛው እንዲናገር፦ ያለ ፍርሃት የሚካሄድ የአደጋ ውይይት አሠራር

በኮምቦልቻና በደሴ ያሉ የፈረቃ መሪዎችና የደኅንነት ባለሙያዎች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያቀርቡልኛል፦ «አደጋ ደረሰ፤ ሠራተኛውን ሰበሰብን፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ምን እናድርግ?» ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከመመለስ ይልቅ የምሠራበትን መንገድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዚህ ጽፌዋለሁ። በፋብሪካም፣ በመጋዘንም፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል።

መጀመሪያ ግን አንድ ስብሰባ ልንገራችሁ። ሰብሳቢ ሆኜ የመራሁት የመጀመሪያው ነው። እጁ በማጓጓዣ ቀበቶ የተያዘ ወጣት ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አንድ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ በሌላው የሥራ ጓንቱን ጉልበቱ ላይ ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። «ሽፋኑን ለምን ከፈትክ?» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለ። ስብሰባው በ12 ደቂቃ አለቀ። ቃለ ጉባኤው ላይ «የሠራተኛ ጥንቃቄ ጉድለት» ብለን ጻፍን። ሽፋኑ ሲከፈት ማሽኑን እንዲያቆም የተገጠመው መሣሪያ በሽቦ ታስሮ እንደነበረ ያወቅሁት ከወራት በኋላ፣ በዚያው ቦታ ሌላ ሰው ሲጎዳ ነው። ሽቦውን ሦስቱም ፈረቃዎች ያውቁታል። በዚያ ክፍል ውስጥ ከተቀመጥነው ስምንት ሰዎች ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከታች ያሉት ደረጃዎች ያንን ሽቦ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ለማወቅ የሚያስችሉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የድርጅቱ ኃላፊ የፈረመበት የአንድ ገጽ ስምምነት (ደረጃ 1 ላይ ተብራርቷል)
- የተጎዳው ወይም አደጋው የደረሰበት ክፍል የቅርብ አለቃ ያልሆነ ሰብሳቢ
- አንድ ጸሐፊ
- ከ6 እስከ 9 ተሳታፊዎች፦ በቦታው የነበሩ፣ ያንኑ ሥራ በሌላ ፈረቃ የሚሠራ ሰው፣ አንድ የጥገና ባለሙያ፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር ተወካይ
- ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልቅ ወረቀትና ማርከር
- በእኩል የተቆረጡ ትናንሽ ወረቀቶችና አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው እስክሪብቶዎች
- የማሽኑ ወይም የቦታው ፎቶግራፍ፤ ከተቻለ ዕቃው ራሱ
- ደመወዝ የሚታሰብበት 75 ደቂቃ የሥራ ሰዓት
- ሻይ

ከስብሰባው በፊት

ደረጃ 1፦ ውይይቱን ከቅጣት በጽሑፍ ለዩ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ መሥራት የምትችሉ ከሆነ ይህንን ሥሩ። «አትፍሩ፣ በነፃነት ተናገሩ» ማለት ፍርሃትን አያጠፋም። ሠራተኛው የሚያስታውሰው ባለፈው ጊዜ የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት ነው። ኮምቦልቻ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ፋብሪካዎች ቆመው ብዙ ሰው ያለ ሥራ የተቀመጠባት ከተማ ናት። እዚህ እንጀራዬን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ያየውንና የሚያውቀውን ነው የሚፈራው።

ስለዚህ ከስብሰባው በፊት ወደ ኃላፊው ቢሮ ግቡና የሚከተሉትን ነጥቦች አስፈርሙ፦

- በውይይቱ ላይ የተነገረ ነገር ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።
- የውይይቱ ሰብሳቢና ጸሐፊ በዚያው ጉዳይ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ውስጥ አይቀመጡም።
- ይህ ጥበቃ የማይሸፍናቸው ሦስት ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ሆን ብሎ ጉዳት ማድረስ፣ ሰክሮ መሥራትና ስርቆት።

ሦስቱን መዘርዘር ለምን ያስፈልጋል? ያልተዘረዘረ ልዩ ሁኔታ ይሰፋል። «ከባድ ጥፋት ካልሆነ በስተቀር» ተብሎ ከተጻፈ ምኑ ከባድ እንደሆነ የሚወስነው ኃላፊው ነው፤ ሠራተኛው ይህን በደንብ ያውቃል።

ኃላፊዎች እዚህ ላይ «ጊዜው ያልፍብናል» የሚል ስጋት ያነሣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱን ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት እንደሚያጣው ስለሚደነግግ ስጋታቸው መሠረት አለው። መልሳችሁ ይህ ይሁን፦ ውይይቱ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ የዲሲፕሊን ጉዳይ ካለ ደግሞ የራሱን ማስረጃ በራሱ መንገድ ይፈልጋል።

ኃላፊው ሊያመነታ ይችላል። ያን ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ሌላ ጥሩ ሠራተኛ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ማሽን ፊት ቢቆም ተመሳሳይ ነገር ያደርግ ነበር?» መልሱ «አዎ» ከሆነ ያንን አንድ ሰው መቅጣት ቀጥሎ የሚቆመውን ሰው አያድነውም።

ማስጠንቀቂያ፦ ኃላፊው ካልፈረመ ስብሰባውን አትጥሩ። ማሽኑን ብቻ መርምሩ። ጥበቃ በሌለበት ሰው እንዲናገር ማድረግ ወጥመድ ነው፤ አንዴ የተያዘ ሁለተኛ አይመጣም።

ደረጃ 2፦ «ግምገማ» የሚለውን ቃል ከማስታወቂያው አውጡ

በአገራችን «ግምገማ» ማለት ሰው በሰው ፊት ቆሞ ድክመቱን የሚያወጣበት፣ ሌሎችም የሚጨምሩበት መድረክ ነው። ቃሉን የሰማ ሠራተኛ ገና ከቤቱ ሳይወጣ የሚከላከልበትን ቃል እያዘጋጀ ይመጣል። «የአደጋ መማማሪያ ውይይት» ወይም በቀላሉ «ስለ ቀበቶው የምንነጋገርበት ስብሰባ» በሉት። ሁለተኛው ይሻለኛል፤ ርዕሱ ሰው ሳይሆን ዕቃ ነውና።

ደረጃ 3፦ ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

አደጋው ከደረሰ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይሁን። ከዚያ በፊት ድንጋጤው አልበረደም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰው በየሻይ ቤቱ ሲያወራ ታሪኩ አንድ ዓይነት እየሆነ፣ የራሱን ያየውን እየረሳ ይሄዳል።

የሌሊት ፈረቃ ጠዋት 12 ሰዓት ሲወጣ ይዛችሁ አታስቀምጡ። ከደሴ የሚመላለሰው ሠራተኛ ሰርቪሱ ካመለጠው የሐረጎን ዳገት የሚወጣበት ሌላ መኪና ፍለጋ ነው የሚገባው፤ እያንዳንዱን ጥያቄ በ«አላውቅም» ይዘጋዋል። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ነው። በረመዳን ከሰዓት በኋላ ድካም አለ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ለእኔ ሁልጊዜ ጥሩ ሆኖልኛል።

ደረጃ 4፦ የተጎዳውን ሰው መጀመሪያ ጎብኙ፣ ከዚያ ጠይቁ

በቋንቋችን «ልጠይቅህ መጣሁ» ሁለት ትርጉም አለው። ሁለቱን በአንድ ቀን አታደባልቁ። መጀመሪያ ስትሄዱ ማስታወሻ ደብተር፣ ቅጽ፣ ስልክ ላይ መቅጃ አይኑር። «እግዚአብሔር ይማርህ» ወይም «አላህ ያሽርህ» በሉ፣ ቤተሰቡን ሰላም በሉ፣ ውጡ። ለሕክምናና ለደመወዝ የሚያስፈልገውን ወረቀት ማን እንደሚጨርስለት ንገሩት። ስለ አደጋው የምታነጋግሩት በሌላ ቀን፣ እርሱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ወደ ስብሰባው እንዲመጣ አታስገድዱት፤ ታሪኩን ለሚያምነው ባልደረባው ነግሮ በእርሱ በኩል ቢልከው ይበቃል።

ሌሎቹን ተሳታፊዎች እያንዳንዳቸውን ለ10 ደቂቃ ያህል ማሽናቸው አጠገብ አነጋግሩ። ስምምነቱን በእጃቸው ስጧቸው፤ የኃላፊውን ፊርማ ይዩት። «በስብሰባው ላይ ማንሣት የሚከብድህ ነገር አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካለ፣ እናንተ እንድታነሡት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁት። ከከሚሴ ወይም ከባቲ መጥቶ በኦሮምኛ መናገር የሚቀለው ሰው ካለ፣ የሚያስተረጉምለትን ራሱ ይምረጥ። በሁለተኛ ቋንቋ የሚናገር ሰው ከፈራ በኋላ ቃላቱ ይጠፉበታል፤ ዝምታውን እንደ ድብቅነት እንዳትወስዱት።

በስብሰባው ላይ

ደረጃ 5፦ ክፍሉን አዘጋጁ

የኃላፊው ቢሮና የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚቀመጥበት ክፍል አይሁን። የሠራተኞች ክበብ ይሻላል። ወንበሮቹን በግማሽ ክብ ደርድሯቸው፤ የሁሉም ፊት ወደ ግድግዳው ፎቶግራፍ ይዙር። ሰው ፎቶውን እያየ ሲናገር አለቃውን እያየ ከሚናገረው የበለጠ ይናገራል። ኃላፊው መምጣት ካለበት በመጨረሻው 15 ደቂቃ ይግባ።

ደረጃ 6፦ መክፈቻውን አንብቡ እንጂ በቃል አትናገሩ

በቃል ሲነገር ይረዝማል፣ ምክር ይገባበታል፣ ወደ ተግሣጽ ይዞራል። ይህን አንብቡ፦

«ዛሬ የተሰበሰብነው ቀበቶው እንዴት ሰው ሊይዝ እንደቻለ ለማወቅ ነው። እዚህ የሚነገር ነገር ለቅጣት አይውልም፤ ፊርማው ይኸው። የማይሸፈኑት ሦስት ነገሮች እነዚህ ናቸው። የማንም ስም አይጻፍም። መናገር የማይፈልግ ሰው ‹ልለፈው› ማለት ይችላል። የምንጨርሰው በ5 ሰዓት ከሩብ ነው።»

ቀጥሎ ሰብሳቢው ራሱ አንድ ነገር ያንሣ፦ በዚያ ቦታ እርሱ ያላየው፣ ወይም አይቶ ያለፈው ነገር። እውነተኛና ከሥራው ጋር የተያያዘ ይሁን። ለምሳሌ «ባለፈው ወር ፍተሻ ሳደርግ ሽፋኑን ከሩቅ አይቼ ነው ያለፍኩት»። ቀድሞ የመናገርን ስጋት መጀመሪያ የሚቀበለው ሥልጣን ያለው ሰው መሆን አለበት። ሠራተኛው ቀድሞ እንዲጋለጥ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

ደረጃ 7፦ ከታናሽ ወደ ታላቅ አናግሩ

ልማዳችን ትልቁ ይናገር፣ ሌላው ያጽና ነው። እዚህ ግን ገልብጡት። የፈረቃ መሪው «እንደሚመስለኝ ችግሩ…» ብሎ ከጀመረ ከእርሱ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ያንኑ ሐሳብ ይደግማሉ፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። በቅርብ የተቀጠረው ይጀምር፣ የፈረቃ መሪው በመጨረሻ ይናገር።

አጠራራችሁንም ልብ በሉት። ኢንጂነሩን «እርስዎ» ኦፕሬተሩን «አንተ» ካላችሁ የማን ቃል እንደሚመዝን አስቀድማችሁ ተናግራችኋል። ለሁሉም «እርስዎ» በሉ፣ ወይም ሠራተኛው በየቀኑ የሚጠራራበትን «ጋሼ»፣ «እትዬ» ጠብቁ።

ከዚያ ታሪኩን በጊዜ ቅደም ተከተል ትልቁ ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከአደጋው ሰዓት አትጀምሩ፤ ፈረቃው ከገባበት ጀምሩ። መብራት ጠፍቶ ነበር? የቀደመው ፈረቃ ምን ብሎ አስረከበ? ስንት ሰው ጎድሎ ነበር? አብዛኛው ምክንያት የሚገኘው ከአደጋው በፊት ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ደረጃ 8፦ «ለምን»ን ተዉትና «እንዴት»ን ያዙ

በሥልጠና ላይ «ለምን»ን አምስት ጊዜ ጠይቁ ይባላል። ማሽንን ለመመርመር ጥሩ ነው። ለሰው በአማርኛ ሲቀርብ ግን «ለምን ከፈትክ?» ጥያቄ መሆኑ ይቀራል፤ ቁጣ ይሆናል። ልጆች ሆነን የሰማነው «ለምን» ሁሉ አብሮት ይመጣል። መልሱም ወይ ይቅርታ ነው ወይ መሐላ።

- «ለምን ከፈትክ?» ከማለት፦ «ሽፋኑ ሲከፈት ሥራው እንዴት ይቀላል?»
- «ለምን አልተናገርክም?» ከማለት፦ «እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ለማን ይነገራል? ሲነገርስ ምን ይሆናል?»
- «መመሪያውን አታውቅም?» ከማለት፦ «መመሪያው እንደሚለው ቢሠራ በፈረቃ ስንት ይወጣል?»
- «ማን አሰረው?» ከማለት፦ «ሽቦው ከመቼ ጀምሮ ነበር? ያለ ሽቦው ምን ያስቸግር ነበር?»

የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ቆም በሉ። በዚያ በነገርኳችሁ ጉዳይ መልሱ በኋላ ሲገኝ እንዲህ ነበር፦ መሣሪያው አቧራ እየያዘው ሽፋኑ ተዘግቶም ማሽኑን ያቆመዋል፤ ማሽኑ በቆመ ቁጥር የፈረቃው ምርት ይጎድላል፤ ጥገና ሲጠራ ይዘገያል። ሽቦው የመጣው ከዚህ ነው። «ማን አሰረው?» ብለን ብንጠይቅ አንድ ስም እናገኝ ነበር፤ አቧራውን ግን አናገኘውም።

ጥያቄ ካቀረባችሁ በኋላ በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። ዝምታው ለሰብሳቢው ይረዝማል እንጂ ለሚያስበው ሰው አጭር ነው። ራሳችሁ መልሱን ሞልታችሁ አትስጡ።

ደረጃ 9፦ ለአራት ሁኔታዎች ተዘጋጁ

*ይቅርታ ሲመጣ።* «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በሩን እየዘጋ ነው፤ ይቅርታ ከተባለ በኋላ መጠየቅ ነውር ስለሚሆን ስብሰባው ያልቃል። ይቅርታውን አትቀበሉ፣ አታጣጥሉም። እንዲህ በሉ፦ «ስለ ጥፋት ዛሬ አንነጋገርም። ከቀበቶው ፊት ቆመው ሳሉ መጀመሪያ ያዩት ምንድን ነው?»

*ሁሉም ዝም ሲል።* ትናንሾቹን ወረቀቶች አድሉ። «ይህ አደጋ እንደገና ቢደርስ ከየት ይመጣል?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ አቅርቡ። መጻፍ የማይቀናው ሰው ምልክት ወይም ሥዕል ያድርግ፤ ሁሉም ግን ወረቀት ያስገባ፣ ባዶም ቢሆን። አደባልቃችሁ እናንተ አንብቡ፣ ትልቁ ወረቀት ላይ በራሳችሁ እጅ ገልብጡ፣ ትናንሾቹን እዚያው በፊታቸው ቅደዱ። የእጅ ጽሕፈት ይታወቃልና ይህ እርምጃ አይዘለልም።

*አንዱ በሌላው ላይ ጣት ሲቀስር።* ስሙን በሥራ መደቡ ተኩት። «እገሌ አላቀበለኝም» ሲባል «በርክክብ ላይ ቁልፉ አልተላለፈም» ብላችሁ ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ቀጥሎ «ርክክብ በተለምዶ እንዴት ነው?» ብላችሁ ለሁሉም አንሡት።

*«እኔ ቀድሜ ተናግሬ ነበር» ሲባል።* አደጋው ካለፈ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ይመስላል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው። ሆኖም በእውነት የተናገረ ሰው ሊኖር ይችላል። «መቼ፣ ለማን፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» ብላችሁ መንገዱን ተከተሉ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቃሉ የጠፋበት ጠረጴዛ ነው።

ከስብሰባው በኋላ

ደረጃ 10፦ ቃለ ጉባኤውን ያለ ስም ጻፉ

የአማርኛ ግሥ ስም ባይጻፍም ሰውን ያጋልጣል። «አልዘጋችም» ካላችሁና በዚያ ፈረቃ አንዲት ሴት ብቻ ካለች ስሟን ጽፋችኋል። «ሽፋኑ ሳይዘጋ ሥራ ተጀመረ» በሉ። ከመፈረሙ በፊት ለተሳታፊዎቹ አንብቡላቸው፤ እንዲወጣ የሚፈልጉት ቃል ካለ ይውጣ። «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለው ሐረግ አይግባ፤ ነገ ምን እንደምንሠራ አይነግረንም።

ደረጃ 11፦ በ48 ሰዓት ውስጥ አንድ የሚታይ ነገር አስተካክሉ

ትልቅ መሆን የለበትም። መሣሪያውን ከአቧራ መጥረግ፣ የጥገና ስልክ ቁጥርን በትልቁ ጽፎ መለጠፍ፣ መብራት መቀየር። በክፍሉ ሰሌዳ ላይ «ከማክሰኞው ውይይት የተገኘ» ብላችሁ ጻፉ። የሚቀጥለውን ውይይት የሚከፍተው ይህ ነው። ተናግሮ ምንም ያልተለወጠለት ሰው በሚቀጥለው «ሆድ ይፍጀው» ይላል።

ደረጃ 12፦ የተናገረውን ሰው ለ30 ቀን ተከታተሉ

በደፈረው ሰው ላይ ቅጣት በደብዳቤ አይመጣም፤ ፈረቃው ይቀየራል፣ ትርፍ ሰዓት ይቀርበታል፣ የዓመት ፈቃዱ ይዘገያል። ባልደረቦቹ ደግሞ ሁሉንም ይቆጥራሉ። በ3ኛው፣ በ10ኛውና በ30ኛው ቀን የፈረቃ ድልድሉን ከሰው ኃይል ክፍል አይታችሁ አመሳክሩ፤ ሰውየውንም በግል «ከዚያ ወዲህ ሥራ እንዴት ነው?» በሉት።

ለጥቂት የተሳቱ (ሊደርሱ ሲሉ የቀሩ) አደጋዎች ሪፖርት በእነዚህ ሳምንታት ቢበዛ አትደንግጡ፤ ለኃላፊውም አስቀድማችሁ ንገሩት። የሃርቫርድ ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታሎች ባደረገችው ጥናት የተሻሉት የሥራ ቡድኖች ከሌሎቹ የበለጠ ስሕተት ሪፖርት ያደርጉ ነበር፤ ስሕተቱን ይበልጥ በግልጽ ይነጋገሩበት ስለነበረ ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

- በስብሰባው መጨረሻ ላይ አጠቃላይ ተግሣጽ መስጠት። 70 ደቂቃ የተገነባው በ2 ደቂቃ ይፈርሳል።
- ድምፅ ወይም ቪዲዮ መቅዳት። «ለማስታወሻ ብቻ» ቢባልም ማንም አያምንም።
- የማኅበሩ ተወካይ እንደ ጠበቃ መከራከሩ። ከስብሰባው በፊት አነጋግሩት፤ ሥራው የስምምነቱን መከበር መጠበቅ ነው።
- ሰው ሲያለቅስ ስብሰባውን ማፋጠን። ውኃ ስጡ፣ 5 ደቂቃ እረፍት በሉ፣ መቀጠል ይፈልግ እንደሆነ እርሱን ጠይቁ።
- ሁልጊዜ ከባድ አደጋ ሲደርስ ብቻ መሰብሰብ። ማንም ባልተጎዳበት ጉዳይ ጀምሩ፤ ሰውም እናንተም የምትለማመዱበት ቀላል መንገድ ነው።

ማስጠንቀቂያዎች

- ሕክምና፣ ማሽኑን ከኃይል ማለያየትና ቦታውን መጠበቅ ከማንኛውም ስብሰባ ይቀድማሉ።
- አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስ አደጋን የመመዝገብና ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ በአዋጁ ተጥሎበታል። ይህ ውይይት ያንን አይተካም፣ አያዘገይምም።
- ከአቅማችሁ በላይ ቃል አትግቡ። ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል፤ ሰው ከሞተ ወይም ክፉኛ ከተጎዳ ውይይቱን ከመጥራታችሁ በፊት የሕግ ባለሙያ አማክሩ። ስምምነቱ የሚያስረው ድርጅቱን ብቻ እንደሆነ በመክፈቻው ላይ ጨምሩ።
- ድርጅቱ ስምምነቱን ከጣሰ፣ ማለትም በውይይቱ ላይ የተነገረ ቃል በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ውስጥ ከተገኘ፣ ቀጣዩን ስብሰባ ሰርዙ። ምክንያቱን ለተሳታፊዎቹ በግልጽ ንገሯቸው። ደብዳቤው ተነሥቶ ከሰውየው የግል ማኅደር እስኪወጣ ድረስ ማንንም «ተናገር» አትበሉ።